አምስት ቀን በዮርክሻየር፦ ከእናቴና ከልጄ ጋር የትኞቹን ከተሞች እንይ?

ጠያቂ (ከቨርጂኒያ)

ሰላም ወገኖች። ነሐሴ ላይ ለሠርግ ለንደን እንሄዳለን። ከሠርጉ በኋላ አምስት ቀን ስለሚተርፈን ወደ ሰሜን ወጣ ብለን የዮርክሻየርን ከተሞች ለማየት አስበናል። ሦስት ነን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ይከብዳታል። ፍልሰታንም ትጾማለች። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ባቡርና የጦር መሣሪያ ይወዳል። እኔ ደግሞ የድሮ ታሪክና ቤተ ክርስቲያን። መኪና አንከራይም። ዮርክ፣ ሊድስ፣ ብራድፎርድ፣ ሃል፣ ሸፊልድና ሪፖን ብዬ ይዣለሁ። ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል? የትስ ብናድር ይሻላል?

የዮርክ ነዋሪ

እህቴ፣ ሁሉንም አትሞክሩት። እናትሽን ባቡር ላይ ስታንከራትቻት ነው የምትከርሚው። ዮርክ እደሩ፣ ሁለት ሙሉ ቀን ስጡት። ከለንደን ኪንግስ ክሮስ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ትኬቱን አስቀድመሽ ግዢ፣ በዕለቱ ሲገዛ በጣም ይወደዳል። ልጅሽ ከ16 በታች ስለሆነ የቤተሰብ የባቡር ቅናሽ ካርድ ይጠቅማችኋል፤ ከአዋቂ ትኬት ሲሶ፣ ከልጁ ደግሞ 60 በመቶ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዮርክ ለእኛ ሰው የተለየ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። ደመራ በለኮስን ቁጥር ስሟን የምናነሳት የንግሥት እሌኒ ልጅ ቆስጠንጢኖስ፣ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የታወጀው እዚህ ነው፣ በ306 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አባቱ እዚሁ ሲሞት ወታደሮቹ እሱን አነገሡት። ከትልቁ ካቴድራል፣ ከዮርክ ሚንስተር ደቡባዊ በር አጠገብ የነሐስ ሐውልቱ ተቀምጧል። ካቴድራሉ ራሱ የተሠራው በሮማውያኑ ምሽግ ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ፍርስራሹን ታያላችሁ። እሌኒ ዮርክ ስለመኖሯ ግን ማስረጃ የለም። ሆኖም በስሟ የተሰየመ ቤተ ክርስቲያንና አደባባይ መሀል ከተማው ላይ አለ፣ እናትሽን እዚያ አድርሻት።

ሚንስተር ለጎብኚ ያስከፍላል፣ ለጸሎት ለሚገባ ግን ነጻ ነው። ቀን ከፍላችሁ ግቡና ምሥራቃዊውን መስኮት እዩ። ከ1405 እስከ 1408 የተሠራ ባለቀለም መስታወት ነው፤ ከኦሪት ዘፍጥረትና ከዮሐንስ ራእይ የተወሰዱ ታሪኮች ተስለውበታል። በሌላው ቀን ማታ ለዝማሬው ጸሎት ተመለሱ፣ ሰዓቱን ድረ ገጻቸው ላይ እዪ። የማማው ደረጃ 275 ነው፤ እሱን ለልጅሽ ተዪለት። ክሊፎርድስ ታወር የሚባለው የድሮ ምሽግም 55 ደረጃ አለው። እናትሽ ታች ብትቀመጥም ታሪኩን ግን ንገሪያት፤ በ1190 የከተማው አይሁዶች ከሚያሳድዳቸው ሕዝብ ሸሽተው የተጠለሉትና ያለቁት እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ልጁን ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ውሰጂው። መግቢያው ነጻ ነው። በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር የሮጠችው ማላርድ እዚያ ናት። የትኛውም የእንፋሎት ባቡር ያን ክብረ ወሰን አልሰበረውም።

የሊድስ ነዋሪ

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ በማደሪያው ግን አይደለም። ነሐሴ ላይ ዮርክ ውስጥ ኢቦር የሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ሳምንት አለ። የሆቴል ዋጋ አይቀመስም። ቀናችሁ ከዚያ ጋር ከገጠመ ሊድስ እደሩ፣ በባቡር 25 ደቂቃ ያህል ነው። ሊድስ ለሌሎቹም ከተሞች መሀል ናት።

ሊድስን በማደሪያነት ብቻ አትዪያት። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ያረፈው እዚህ ነው። በመቅደላ ጊዜ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕሩ ሲጓዙ መንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ እንግሊዝ አደገ፣ ራግቢ ትምህርት ቤት ገባ፣ ሳንድኸርስት የሚባለውን የጦር ትምህርት ቤትም ሞከረ፣ አልሆነለትም። መጨረሻ ላይ ሊድስ መጥቶ ሄዲንግሌ በሚባለው ሰፈር አስተማሪው ቤት ተቀመጠ። ሳምባው ታሞ ኅዳር 14 ቀን 1879፣ በ18 ዓመቱ አረፈ። ሄዲንግሌ መሀል ከተማው አጠገብ ነው፣ አውቶቡስ ይወስዳችኋል። መቃብሩ ግን ዊንዘር ነው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት። ወደ ለንደን ስትመለሱ ግማሽ ቀን ካላችሁ እባካችሁ ሂዱ። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ስትጠይቅ ኖራለች፤ በ2023ም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እምቢ ብሏል። ልጅሽ በዚያ ዕድሜ ላይ ነው፣ ታሪኩን ከቦታው ላይ ይስማው።

የጦር መሣሪያ ለሚወድ ልጅ ሮያል አርመሪስ ሙዚየም አለ። ነጻ ነው። የዝሆን የጦር ልብስ ሳይቀር አላቸው።

የብራድፎርድ እናት

ልጄ፣ ስለ ጾሙ አትጨነቂ፣ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ዮርክሻየር ውስጥ ብዙ ቦታ ድንች የሚጠበሰው በከብት ሞራ ነው። ሰው ድንች ብቻ ነው ብሎ ይበላል። ሁልጊዜ በምን እንደሚጠበስ ጠይቂ። «ቪጋን» ካልሽ ሁሉም ይገባቸዋል፣ ቅቤና እንቁላልም ይቀርላታል።

ብራድፎርድ ብትመጡ የፓኪስታንና የሕንድ ምግብ ሞልቷል። ምስሩ ከእኛ አይርቅም። ግን አንዳንዱ በቅቤ ስለሚሠራ በዘይት ይሁን በሉ። ምግቡን ስትበሉ ሶልቴርንም እዩ። ታይተስ ሶልት የሚባል ባለጸጋ ለፋብሪካው ሠራተኞች የሠራው መንደር ነው። ፋብሪካው የተከፈተው በ1853 ነው፤ ዛሬ የብራድፎርዱ ተወላጅ የዴቪድ ሆክኒ ሥዕሎች ይታዩበታል። ባቡር ጣቢያው በሩ ላይ ነው፣ ለጉልበትም ይስማማል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዓለማየሁን ነገር ሳነብ እናቴን ጠርቼ አነበብኩላት፤ ሄዲንግሌ ሳንሄድ አንመለስም ብላለች። ሸፊልድንና ሪፖንን ትቻለሁ። የቀረኝ ሃል ነው። ለአንድ ቀን ይበቃል?

የታሪክ መምህር

ይበቃል፣ እኔ ቢቻል አታስቀሩት እላለሁ። ከሊድስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዊልያም ዊልበርፎርስ በ1759 የተወለደበት ቤት ሙዚየም ሆኗል፣ መግቢያው ነጻ ነው። እንግሊዝ በ1807 የባሪያ ንግድን በሕግ እንድትከለክል ፓርላማ ውስጥ ለዓመታት የታገለው ሰው ነው። ሙዚየሙ የሚናገረው ስለ እሱ ብቻ አይደለም፤ አፍሪካውያኑ ከመወሰዳቸው በፊት የነበራቸውን ኑሮም ያሳያል። ለ14 ዓመት ልጅ ከባድ ነገር አለበት፣ ግን ማየት ያለበት ነው።

ዮርክ ላይ አንድ ልጨምር። ዮርክሻየር ሙዚየም ውስጥ በዝሆን ጥርስ አምባር የተቀበረች የአራተኛው መቶ ዘመን ሴት አለች። ዐጥንቷን ያጠኑት ባለሙያዎች የአፍሪካ ዘር ሊኖርባት ይችላል ይላሉ። በ211 ዮርክ ላይ የሞተው ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስም የዛሬዋ ሊቢያ ተወላጅ ነው። ሮማውያን ዘመን አፍሪካዊ በዚህ ከተማ እንግዳ አልነበረም።

የዮርክ ነዋሪ

ጆርቪክ የሚባለውን የቫይኪንጎች ሙዚየምም ለእናትሽ አስቢላት። ተቀምጣ ነው የምትጎበኘው፣ ወንበሩ ራሱ ይወስዳታል። ሰዓቱን አስቀድመሽ ያዢ፣ ነሐሴ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። የከተማውን ግንብ ደግሞ አንቺና ልጅሽ ሂዱበት፤ ሙሉው 3.4 ኪሎ ሜትር ነው። ከቡተም ባር እስከ መንክ ባር (ባር የሚሏቸው የግንቡን በሮች ነው) ያለው ቁራጭ ብቻ ይበቃችኋል፣ ሚንስተር ከጀርባው ወለል ብሎ ይታያል። በአሜሪካ ፓስፖርት ከሆነ የምትመጡት፣ ከመብረራችሁ በፊት ለሦስታችሁም የመግቢያ ፈቃዱን በኢንተርኔት ሙሉ። ለልጁም ያስፈልጋል።