ጥቆማ፦ ሻማ ከሞልዱ አልላቀቅ ሲል ምን ይቀባል? (ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ)

የጫጫ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከባልንጀራዬ ጋር ቤት ውስጥ ሻማ እያፈሰስን ለሰፈር ሱቆችና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለሚሸጡ እናቶች እናከፋፍላለን። ሞልዳችን የአሉሚኒየም ነው፤ ሁለት ፊት ሆኖ በብሎን የሚታሰር። አዲስ ሳለ ብሎኑ ሲፈታ ሻማው በራሱ ይወድቅ ነበር። አሁን ጫፉ ውስጥ እየቀረ ይሰበራል፤ የወጣውም ጎኑ የተላጠ ነው። የምንቀባው የምግብ ዘይት ነው። አንዱ ቫዝሊን ይለናል፣ ሌላው ሲሊከን ስፕሬይ። የትኛው ይሻላል? ደብረ ብርሃን ውስጥስ የት ይገኛል? ሞልድ አጽድቶ የሚያስተካክል ደኅና ቤት የምታውቁም ጠቁሙን። ለጥምቀት የሚደርስ ትዕዛዝ ተቀብለናል።

ጠባሴ ነኝ፦
የምግብ ዘይት ምን በደለ? ችግሩ የፋብሪካ ዘይት መሆኑ ነው። እዚሁ ጠባሴ ኑግ የሚጨምቅ ቤት አለ፤ እኔ ከእርሱ ሌላ ዘይት ቤቴ አስገብቼ አላውቅም። ወጥ ቢሉ፣ ፀጉር ቢሉ፣ የበር ማጠፊያ ቢሉ ለሁሉም ይሆናል። ለሻማም ይሆናል።

ብሎኬት አምራች፦
እህቴ፣ ገንዘብሽን በስፕሬይ አትጨርሺ። ጋራዥ ሄደሽ የተቃጠለ ዘይት ለምኚ፣ በናፍታ አቅጥኝው፣ በቡሩሽ ቀቢ። እኛ ሲሚንቶ የምናላቅቀው በእርሱ ነው። ሰም ከሲሚንቶ አይበረታ።

የጣርማበር ነፋስ፦
ግሩም ምክር ነው። ሻማው በተለኮሰ ቁጥር መቅደሱን የአይሱዙ ጭስ ይሞላዋል፤ ምእመናንም ከዕጣን ወጪ ይገላገላሉ።

ብሎኬት አምራች፦
ቀልዱን ተወውና የሚሠራ ነገር ካለህ ተናገር።

የመሐል ሜዳ ሰው፦
ቅባቱን ለሌሎች ልተውና ስለ ጥገናው ልናገር፤ እኔን ያቃጠለኝ እርሱ ነው። ሞልዴን ደብረ ብርሃን ወደሚገኝ አንድ ብረታ ብረት ቤት ወሰድኩ። ስሙን አልጠራም። ሰውየው አገላብጦ አየውና «አዲስ አድርጌ እመልስልሃለሁ» አለኝ። ያደረገው ምን መሰላችሁ? ሁለቱ ፊት የሚጋጠምበትን ገጽ በግራይንደር ሞረደው። እንደ መስታወት ያበራል፤ ነገር ግን ሲገጠም መካከሉ ላይ ብርሃን ያሳያል። ሰም ሳፈስበት በግራና በቀኝ ክንፍ ያወጣ ሻማ ወጣ። ክንፉን በቢላዋ ስገፍ የምውልበት ጊዜ ሻማውን ከማፍሰሱ በለጠ። ተመልሼ ብነግረው «ብሎኑን አጥብቀው» አለኝ። አጠበቅሁት፤ የብሎኑ ጥርስ ተላጠ። ገንዘቤን ስጠይቅ «አሉሚኒየምህ የድስት ክዳን ነው፣ ድሮም ሞልድ አልነበረም» ብሎ ሰደበኝ። የጫጫዋ እህት፣ ግራይንደር የያዘ ሰው አጠገብ እንዳትደርሺ።

አንኮበሬው፦
ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለው ቤት ነው? በሩ ሰማያዊ የሆነው?

የመሐል ሜዳ ሰው፦
ስም አልጠራም አልኩ እኮ።

ሰማያዊ በር ደንበኛ፦
ሰማያዊ በር ያለው ቤት የእኔን የእንጀራ ምጣድ ማቆሚያ፣ የወንድሜን የበር ፍሬም፣ የጎረቤቴን ጋሪ የሠራ ቤት ነው። እንዲህ አያደርግም። አድርጎ ከሆነም ሞልዱ የማይረባ ነበር ማለት ነው።

የጣርማበር ነፋስ፦
ጋሪው ሻማ ያፈስሳል?

የመርካቶ ደንበኛ፦
አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ማለዳ ተነሥታችሁ ምናለሽ ተራ ግቡ። እዚያ ከቆርቆሮ ቁራጭ የማይሠራ ዕቃ የለም። ጥገና ምን ያደርግላችኋል? አዲስ አሠሩ።

የመሐል ሜዳ ሰው፦
እኔም አሁን የማሠራው እዚያ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እምነቴ አልቋል።

አንኮበሬው፦
በአንድ ግራይንደር ከተማ ሙሉ አይወቀስም።

ቶርኖ ሠራተኛ፦
ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። የሚቀባው ነገር ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ የሞልዱን ውስጥ እዩት። የምግብ ዘይት በስሱ ተቀብቶ ሙቀት ሲያገኘው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ይጠነክራል፤ ኑግ ደግሞ በዚህ ይብሳል። መጥበሻ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ቢጫ ልጥፍ እርሱ ነው። ጣታችሁን በሞልዱ ጎድጓዳ ውስጥ አሳልፉ። ያዝ ካደረጋችሁ ሻማውንም የሚይዘው ያው ነው፤ በላዩ ሌላ ቅባት መጨመር ልጥፉን ማወፈር ነው።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። ሞልዱን ፈትታችሁ ሙቅ ውሃ ባለበት ሳፋ ንከሩት። የቀረው ሰም ይንሳፈፋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ የረጋውን ከላይ ግፈፉ፤ ትኩሱን ወደ ቧንቧ ከደፋችሁት ቧንቧው ይደፈናል። ልጥፉን ላምባ በነካ ጨርቅ እሹት፤ ይህን ስትሠሩ እሳት በአጠገባችሁ አይኑር። ከዚያ በፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ ፈጽሞ ይድረቅ፤ ክሩ ውኃ ከነካው ሻማው ሲበራ ይንጣጣል። በረኪና አሉሚኒየም ይበላልና አይነካው። ቢላዋ፣ የዕቃ ሽቦና ብርጭቆ ወረቀትም እንዲሁ፤ ሰሙ ጭረት ውስጥ ይገባና እንደ ምስማር ይይዛል። የተሰበረ ጫፍ ውስጥ ከቀረ ሞልዱን ለብ አድርጉት፣ ቀልጦ ይወጣል።

ከጸዳ በኋላ ሲሊከን ስፕሬይ እመርጣለሁ። የመኪና ዕቃ መሸጫ ቤቶች ጠይቁ፤ የዛገ ብሎን ማላቀቂያ ስፕሬይ እንዳይሰጧችሁ ጣሳው ላይ «ሲሊከን» የሚለውን አይታችሁ ግዙ። በስሱ ነፍታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። በፈሰሰ ቁጥር መንፋት አያስፈልግም፤ ከበዛ የሻማው ገጽ ይቦረቦራል። ቫዝሊን ወፍራም ስለሆነ ሻማውን ያደበዝዘዋል። ብሎኑና ሁለቱን ፊት የሚያገናኘው ፒን ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብታ ይበቃል፤ ወደ ውስጠኛው ገጽ እንዳይወርድ ብቻ ተጠንቀቁ።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ድስቱን በውሃ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ ካቀለጣችሁ ሰሙ ከዚያ አያልፍም፤ ለእሳት አደጋም ይህ ይሻላል። ከረጢቱ ላይ 58/60 የተጻፈበትን ፓራፊን (ቁጥሩ የሚቀልጥበት ዲግሪ ነው) ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ሲሆን አፍስሱት። የጥር ውርጭ ያደረበት ሞልድ የሻማው ጎን ላይ መስመር ያወጣልና አስቀድሞ ለብ ይበል። ከፈሰሰ በኋላ ግን በቶሎ ይቀዝቅዝ። ፓራፊን ሲረጋ ይሰበሰባል፤ ሻማውን ከብረቱ የሚያላቅቀው ይኸው መሰብሰቡ ነው። ከአሥር አንድ እጅ ስቴሪክ አሲድ (ከስብ የሚወጣ ነጭ፣ ሰም መሰል ነገር ነው) ቢገባበት መሰብሰቡን ያግዘዋል። ለርካሽነት ሞራ የምትቀላቅሉ ከሆነ ግን ሻማው ለስላሳ ሆኖ ይለጠፋል፤ ምንም ብትቀቡ አይረዳችሁም።

ሸዋ ሮቢት፦
የእናንተ ችግር ውርጭ ነው፣ የእኛ ሙቀት። እዚህ ሻማው እስኪረጋ ሰው ይሰለቻል። ሞልዱን አፉ እስኪቀር በቀዝቃዛ ውሃ ሳፋ ውስጥ እናቆመዋለን፤ በመገጣጠሚያው ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን በጭቃ እንመርገዋለን። ያለ ምንም ቅባት ይወጣል።

የመሐል ሜዳ ሰው፦
ጭቃውም ቢሆን የእኔን ሞልድ አይደፍነውም። በግራይንደር የተበላ ነገር።

ደብተራው፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለጥምቀት ፓራፊን ለምን? ለቤተ ክርስቲያን የሚገባው የንብ ሰም ነው። ጧፍ ሞልድ አይፈልግ፣ ስፕሬይ አይፈልግ፤ የጥጥ ክር በቀለጠ ሰም እየነከሩ በእጅ ማድቦልቦል ነው። የአባቶች ሥራ ይህ ነበር።

የጫጫ ልጅ፦
አባቴ፣ የንብ ሰም የምናገኝበትን ዋጋ ቢያውቁት አይፈርዱብንም። ጧፍም እንሠራለን፤ ለሱቅ የሚሄደው ግን ሻማ ነው። ቶርኖ ሠራተኛ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጣቴን አሳልፌ አየሁት፣ እውነትም ያዝ ያደርጋል። ስቴሪክ አሲዱ እዚህ ከተማ ይገኛል? ወይስ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው?

ደብተራው፦
የንብ ሰም ከመንዝ ብታስመጡ ይረክሳል።

የመሐል ሜዳ ሰው፦
ከመንዝ? እኛ ራሳችን በዚህ ዓመት ማር አላየንም።

ጠባሴ ነኝ፦
ኑግ ይለጠፋል የተባለው የእኛን ቤት ኑግ አይመለከትም። በሰው ፊት ይጨመቃል፣ ንጹሕ ነው።

ቶርኖ ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ ንጹሕ መሆኑን ማን ካደ? የሚለጠፈው ንጹሑም ነው።

ሰማያዊ በር ደንበኛ፦
ዛሬ ሄጄ ባለቤቱን ጠየቅሁት። የሻማ ሞልድ በሕይወቱ ነክቶ አያውቅም።

አንኮበሬው፦
እንግዲያው ሌላ ሰማያዊ በር አለ ማለት ነው።

ብሎኬት አምራች፦
ያ ሰማያዊ በር ያለው ቤት የብሎኬት ሞልድ ይሠራል? ባለ ሃያ ሳንቲሙን በስንት እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።