የሳይንሳዊ ስሌት ሰርተፍኬት፦ ትይዩ ፕሮግራሚንግ ይቅደም ወይስ ይከተል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በሱፐርኮምፒውተር ላይ ለሚካሄድ ሳይንሳዊ ስሌት የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ለመክፈት የሥርዓተ ትምህርት ረቂቅ እያዘጋጀን እንገኛለን። ፕሮግራሙ በሁለት ሴሚስተር የሚጠናቀቁ አራት ኮርሶች ይኖሩታል፤ ተማሪዎቹም ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከምሕንድስናና ከኮምፒውተር ሳይንስ የሚመጡ ናቸው። ያልተስማማነው ትይዩ ፕሮግራሚንግ (አንድን ሥራ ለብዙ ፕሮሰሰሮች ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ማሠራት) በሚሰጥበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። ከፊሎቻችን ተማሪው ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ከኤምፒአይ (ፕሮሰሰሮች መልእክት የሚለዋወጡበት ስልት) እና ከጂፒዩ (ብዙ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ ከሚሠራው የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ጋር ይተዋወቅ እንላለን፤ የሚመዘገበው ለዚያ ሲል ነውና። የቀሩት ደግሞ የኑሜሪካል ዘዴዎች (እኩልታዎችን በቁጥር ስሌት የመፍቻ መንገዶች) እና በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ጥሩ ኮድ የመጻፍ ችሎታ መቅደም አለባቸው ይላሉ። ተመሳሳይ ፕሮግራም ያስተማራችሁ ወይም የቀረጻችሁ ብትመክሩን ምስጋናችን የላቀ ነው።

መልስ 1

እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ምክንያቴ ግን "መሠረት ይቅደም" ከሚለው የተለመደ ክርክር ይለያል። ቀርፋፋ ኮድ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ሲከፋፈል ፕሮሰሰር ሲጨመር የሚገኘውን ፍጥነት በሚያሳይ ግራፍ ላይ እጅግ ያማረ ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በስሌት ተጠምዶ ስለሚቆይ የመልእክት ልውውጡ የሚወስደው ጊዜ ከጠቅላላው አንጻር ኢምንት ይሆናል። ተማሪው ግራፉን አይቶ የተሳካለት ይመስለዋል፤ የተሻለ የተጻፈ ኮድ ግን ያንኑ ሥራ በጥቂት ፕሮሰሰሮች ሊጨርሰው ይችል ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ኮርስ ስለ ሜሞሪ ቢሆን እመርጣለሁ። የሲ ቋንቋ ማትሪክስን በረድፍ፣ ፎርትራን ደግሞ በዓምድ ያስቀምጣል። ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ የሚያመጣው አንዲት ቁጥር ብቻ ሳይሆን በብዙዎቹ ማሽኖች 64 ባይት የሚመዝን ጥቅል ነው፤ በውስጡም ባለ 64 ቢት ስምንት ቁጥሮች አሉ። በሲ የተጻፈ ትልቅ ማትሪክስን በዓምድ አቅጣጫ የሚያነብ ፕሮግራም ከስምንቱ አንዱን ተጠቅሞ ሰባቱን ይጥላል። ሁለት ሉፖችን (ተደጋግመው የሚሠሩ የኮድ ክፍሎችን) ቦታ በማለዋወጥ ብቻ ፕሮግራሙ ምን ያህል እንደሚፈጥን ራሱ የለካ ተማሪ፣ ከዚያ በኋላ ሳይለካ ስለ ፍጥነት አይናገርም። የአምዳልን ሕግም እዚሁ ማስገባት ይቻላል፦ ከሥራው 5 በመቶው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ የፕሮሰሰሩ ቁጥር የቱንም ያህል ቢበዛ ፍጥነቱ ከ20 እጥፍ አያልፍም።

መልስ 2

የመልስ 1ን ሐሳብ ባከብርም፣ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ያለ ትይዩ ሥራ ማሳለፍ ተማሪውን ያሰለቻል ብዬ እሰጋለሁ። እኛ ያደረግነው አንድ ችግር መርጠን በአራቱም ኮርሶች ማስኬድ ነበር፤ ይኸውም በሁለት አቅጣጫ የሚሰራጭ የሙቀት እኩልታ ነው። መጀመሪያ በተከታታይ ኮድ ይጻፋል፤ በዚያው ወር በኦፕን ኤምፒ (ሥራን በአንድ ማሽን ውስጥ ላሉ ፕሮሰሰሮች በሚያከፋፍለው መሣሪያ) አንድ ሉፕ ይከፋፈላል፤ በኋላ ደግሞ መረቡ (ሙቀቱ የሚሰላባቸው ነጥቦች ስብስብ) በኤምፒአይ ተቆራርጦ ጎረቤታሞቹ ክፍሎች የድንበር ቁጥሮቻቸውን ይለዋወጣሉ፤ በመጨረሻም ወደ ጂፒዩ ይሸጋገራል።

የኑሜሪካል ዘዴዎች ትምህርትም ራሱን ችሎ ከመቆም ይልቅ እዚያው ውስጥ ይገባል። በቀጥተኛው የጊዜ ዘዴ (ቀጣዩን ሙቀት አሁን ካለው ብቻ በሚያሰላው) የመረቡ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ነጥቦቹ አራት እጥፍ ይሆናሉ፤ ስሌቱ እንዳይናጋም የጊዜው እርምጃ ወደ ሩብ መውረድ ስላለበት ጠቅላላ ሥራው 16 እጥፍ ይሆናል። ተማሪው የተሻለ ዘዴ መፈለግ ከተጨማሪ ፕሮሰሰር ሊበልጥ እንደሚችል የሚረዳው ይህን ሲያሰላ ነው። ድምርን በትሬዶች (በአንድ ጊዜ በሚሠሩ የፕሮግራሙ ክሮች) ሲያከፋፍል ደግሞ ውጤቱ በመጨረሻዎቹ አኃዞች ይለዋወጥበታል፤ የኮምፒውተር አስርዮሽ ቁጥሮች የሚደመሩበት ቅደም ተከተል ውጤቱን ስለሚነካ ነው። ስሕተት ሠራሁ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ኮዱን ሲመረምር ያደረ ተማሪ አጋጥሞኛል።

መልስ 3

እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ ክላስተር (ተያይዘው በጋራ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች) አስተዳድራለሁ። ረቂቃችሁ ውስጥ ስለ ወረፋ ምንም አልተጠቀሰም። የክፍል ሥራ የማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ ተማሪው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሰለፋል፤ የተመራማሪዎች ረጅም ሥራዎችም ከፊቱ ይቆማሉ። ለትምህርቱ የተለየ፣ የጊዜ ገደቡ አጭር የሆነ ወረፋ ከወዲሁ አስወስኑ። በስለርም (የክላስተሩን ወረፋ በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ሥራ ማስገባትን፣ የሊኑክስ ትእዛዞችንና የኮድ ለውጥ በጊት መመዝገብን ደግሞ ኮርሶቹ ከመጀመራቸው በፊት በአንድ ሳምንት ጨርሱ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሙቀት እኩልታውን ሐሳብ ለኮሚቴው አቀርባለሁ፤ የወረፋውን ጉዳይ ግን በእውነቱ አላሰብንበትም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ የመጨረሻው ምዘና ፈተና ይሁን ወይስ ፕሮጀክት?

መልስ 1

ፕሮጀክት ይሁን፤ ተማሪው ከራሱ የምርምር መስክ ያመጣው ኮድ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ማርኩ ግን በተገኘው ፍጥነት ላይ እንዳይመሠረት አደራ እላለሁ፤ እንዲያ ከሆነ ሆን ብሎ ቀርፋፋ መነሻ የሚመርጥ አይጠፋም። ችግሩን ሳይለውጡ ፕሮሰሰር ሲጨመር፣ እንዲሁም ችግሩ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ሲያድግ የተለኩ ሁለት ግራፎች ይጠየቁ፤ መስመሩ የሚጎብጥበት ቦታ ላይ ምክንያቱን በልኬት አስደግፎ ላብራራ ተማሪ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ብቻ ቢሆንም ከፍተኛውን ማርክ እሰጠው ነበር።