የጫማ ሱቅ ሲዘጋ ማን ይለካልናል? ክርክር ከጎንደር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። ፒያሳና አራዳ ከነበሩት ጫማ ቤቶች አንዳንዶቹ ዘግተዋል፤ አንዳንዶቹም ወደ ሞባይልና ወደ ልብስ ዞረዋል። ሰው ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ያዛል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ይመጣለታል። ለጎንደር ገዢ የትኛው ይሻላል? ሱቁን ማቆየትስ የገዢው ኃላፊነት ነው? ምክንያታችሁን ከነዝርዝሩ ጻፉ።

ሻጭ ከማራኪ፦ እኔ የምሸጠው በቴሌግራም ነው፤ ለገዢው ስልኩ ይሻላል። የጅምላ አሠራሩ ራሱ ለትንሽ ሱቅ አይመችም። የወንድ ጫማ ካርቶን ብዙ ጊዜ 12 ጥንድ ነው፤ ከ40 እስከ 45 ከሆነ አደላደሉ 1፣ 2፣ 3፣ 3፣ 2፣ 1 ይሆናል። 45 ለሚያደርግ ሰው ከካርቶኑ አንድ ጥንድ ብቻ አለው፤ 46 ለሚያደርግ ምንም የለውም። 35 የምታደርግ ሴት ወደ ልጆች ጫማ ትመራለች። መርካቶ ያለ ሻጭ ግን ሙሉ ካርቶን ሳይገዛ ከጎረቤቱ አንድ ጥንድ አውጥቶ ይልካል። ሱቅ ለሱቅ ዞሮ «ቁጥርህ የለም» ለሚባል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባለሱቅ ከፒያሳ፦ ወንድሜ፣ የካርቶኑን ነገር ካነሳኸው ጨርሰው እንጂ። ከ12ቱ መሃሉ ቶሎ ይሄዳል፣ ጫፉ ይቀራል። ሁለት ጥንድ ሳይሸጥ ከከረመ የካርቶኑ ትርፍ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ያንን ኪሳራ የሚሸከመው ሱቁ ነው፤ አንተም አይደለህ፣ ገዢውም አይደለ። ደግሞ ሰው ይገባል፣ 41ንም 42ንም አድርጎ ይራመድበታል፣ የሚሆነውን ካወቀ በኋላ ሳጥኑን ፎቶ አንስቶ ይወጣል። ከዚያ አንተ ጋ ያዛል። ማስለካት እኮ ኪራይና ግብር የሚከፈልበት ሥራ ነው። ሱቁ ሲዘጋ እሱም አብሮ ይቀራል፤ ያኔ አንተም ለደንበኛህ የምትልከው በግምት ይሆናል። መንገድና ኔትወርክንም አትርሳ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ጫማ የተገኘው ከመደርደሪያ ነበር።

ጫማ ሰፊ ከአራዳ፦ ሁለታችሁም ቁጥሩን እንደ ታመነ ነገር ይዛችሁታል። አይታመንም። በአውሮፓ አለካክ አንድ ቁጥር 6.67 ሚሊ ሜትር ነው፣ በእንግሊዝ 8.47። የአውሮፓው ቁጥር የሚቆጠረው ደግሞ ጫማው በተሠራበት ፎርማ (ጫማው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ) ርዝመት ነው፤ በእግሩ አይደለም። 26 ሴንቲ ሜትር እግር እንውሰድ። ፋብሪካው ፎርማውን 1.5 ሴንቲ ካስረዘመው አንድ ሴንቲ አንድ ቁጥር ተኩል ስለሆነ 27.5 በ1.5 ሲባዛ 41 ከሩብ ይመጣል፤ 2 ሴንቲ ካስረዘመው 42። ያው እግር ነው፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ተለያየ። የቻይናው ደግሞ የእግሩን ሚሊ ሜትር ለ5 አካፍሎ 10 ይቀንሳል።

ስለዚህ ከስልክ የምታዝዙ ሰዎች እንዲህ ለኩ። ማታ ይሁን፤ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ያብጣል። ወረቀት ከግድግዳ አስጠግታችሁ መሬት ላይ ዘርጉ፣ የምታደርጉትን ካልሲ አድርጉ፣ ተረከዙን ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ በሁለት እግራችሁ ቁሙ። ተቀምጦ መለካት ያሳጥረዋል። እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ሌላ ሰው ምልክት ያድርግላችሁ፤ ራሳችሁ ስታጎነብሱ ክብደቱ ይዛባል። ሁለቱንም እግር ለኩ፣ የሚበልጠውን ያዙ። ከዚያ ሻጩን «42 አለህ?» አትበሉት። «የውስጥ ሶሉ ስንት ሴንቲ ነው?» በሉት። ለ26 እግር 27 እስከ 27.2 የሆነውን ውሰዱ። ሹል አፍንጫ ካለው ጫፉ ባዶ ስለሚሆን ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ሻጭ ከማራኪ፦ ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ለኔ ነው የሚመሰክረው። በልኬት ከታዘዘ ስህተቱ ይቀንሳል ማለት ነው። የውስጥ ሶሉን አውጥቶ ሜትር ዘርግቶበት ቪዲዮ የማይልክ ሻጭ ካለ አትግዙት። ሶሉ የተለጠፈ ከሆነ ሜትሩ ወደ ውስጥ ይግባ፤ የውጩ ሶል ርዝመት ምንም አይነግርም።

ጫማ ሰፊ ከአራዳ፦ አዎ ልጄ፣ ርዝመቱን ታገኛለህ። ስፋቱንና የእግር ጀርባውን ከፍታ ግን ቪዲዮ አያሳይህም። ጠባብ ጫማ ሰው ለማስፋት ሲል አንድ ቁጥር ይጨምራል። ያኔ ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ ከጣቱ መታጠፊያ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ተረከዙም ይንሸራተታል፤ ፊቱ ያለቦታው ይሰበራል፣ የተረከዙ ገበርም ቶሎ ይበላል። በጎንደር ቁልቁለት ደግሞ እግሩ ወደ ፊት እየሄደ የአውራ ጣት ጥፍር ይመታል። ሱቅ ስትለኩም ደልዳላ ወለል ላይ ብቻ አትራመዱ። ደጁ ላይ ካለው ደረጃ ውረዱበት።

እናት ከአዘዞ፦ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ካልሆነ መመለሻውን ማን ይከፍላል? ከአዲስ አበባ እስከ እኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መላኪያ አንድ ጊዜ፣ መመለሻ ሁለት ጊዜ፣ ቅያሪው ሲመጣ ሦስት ጊዜ ተከፈለ። ለጥምቀት የታዘዘ ጫማ ቅያሪው ከበዓሉ በኋላ ከደረሰ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለው ለሱ ነው። በልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ትንሽ ልጅ ጠበበኝ አይልም፣ ጣቱን አጥፎ ይሄድበታል። የፊቱ ቆዳ ጠንካራ ከሆነ አውራ ጣት ተጭኖም አይገኝም። የውስጥ ሶሉን አውጥቶ ልጁን ማቆም ነው፤ ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ክፍት ካለ ይሆናል። ይህን የማደርገው ሱቅ ውስጥ ነው።

ሕግ አጥኚ፦ እህቴ፣ ነጥቡን ነክተሽዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ደረሰኝ ወይም ሌላ ተገቢ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሶሉ ከተላቀቀ ጉድለት ነው። «አልሆነኝም» ግን ጉድለት አይደለም፤ የተላከው የታዘዘው ቁጥር ከሆነ መመለሱ በስምምነት ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የውስጥ ሶሉ ርዝመት፣ ካልሆነ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ የመመለሻውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል። ጽሑፉን ስክሪንሾት አንሱት፤ ቴሌግራም ላይ ሻጩ መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ይችላል። የከፈላችሁበት የቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብ ስም ከሻጩ ስም ጋር አንድ መሆኑንም እዩ።

ነርስ፦ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ማንም አላነሳቸውም። የእግራቸው ስሜት ከቀነሰ ጫማው ሲጠባቸው አያማቸውም። እንዲያውም ጠበቅ ያለው «ያዘኝ» ብለው ይመርጡታል። የተላጠው ቦታ ቁስል ሲሆን ነው የሚታወቀው፤ ቁስሉ ካልተያዘ እግር እስከማጣት ያደርሳል። ለእነሱ ከስልክ ማዘዝን አልደግፍም። ከሰዓት በኋላ ይለካ፤ ከመልበስ በፊት እጅ ገብቶ የገበሩ ስፌት ሻካራ መሆኑ ይዳሰስ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ ተለብሶ ይውለቅና የቀላ ቦታ ይፈለግ። በቅርባቸው የሚለኩበት ቤት ከጠፋ ጉዳቱ መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው።

ሻጭ ከማራኪ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ለእነሱ እኔም አልሸጥም። ግን ሱቅ የገባው ሁሉ ጥሩ ነው አይባልም። የቆየ ዕቃ የሚሸጥባቸው አሉ።

ጫማ ሰፊ ከአራዳ፦ እውነቱን ነው፤ ይህም በሁለቱም በኩል አለ። የፖሊዩሬቴን፣ ማለትም እንደ ስፖንጅ ያለው ቀላል የፕላስቲክ ሶል፣ ሳይለበስም ይሞታል። ከአየር እርጥበት እየወሰደ ውስጡ ይፈርሳል፣ ከዓመታት በኋላ በመጀመሪያው ቀን እንደ ቂጣ ይቆራረጣል። እኛ ጋ ሲመጣም ማስቲሽ አያድነውም፤ የሚይዘው ጤነኛ ነገር የለም። ስኒከር ከሆነ ምላሱ ውስጥ ባለው ጨርቅ ላይ የተሠራበት ቀን ብዙ ጊዜ አለ፤ ሻጩ እሱን ፎቶ ይላክ። ሱቅ ውስጥ ሶሉን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ የሚያጣብቅ ወይም ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ ተዉት። በቅናሽ የሚወጣ ጫማ ላይ ደግሞ በተለይ።

ክረምት ላይ የሚላቀቀው ሌላ ነው፤ ያ የማጣበቅ ጥፋት ነው፣ ይጠገናል። አሮጌው ማስቲሽ ተፍቆ፣ ሁለቱም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ሻክሮ፣ ሁለቱም ተቀብቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እስኪደርቅ ተጠብቆ ተጭኖ፣ አንድ ቀን ካረፈ ይይዛል። እርጥብ እንዳለ የተጣበቀ አይቆይም። በዙሪያው ቢሰፋ ደግሞ የበለጠ።

ባለሱቅ ከፒያሳ፦ እንግዲህ ሐሳቤን ላስቀምጥ። ማስለካት በክፍያ ይሁን። የሁለቱንም እግር ርዝመትና ከጣቶቹ ሥር ያለውን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ጽፌ እሰጣለሁ፤ ከእኔ ከገዛ ክፍያው ከዋጋው ይቀነስለታል፣ ካልገዛ ወረቀቱን ይዞ የትም ይዘዝ።

ሻጭ ከማራኪ፦ እትዬ፣ ይህ ከሆነ ደንበኞቼን ወደ እርስዎ እልካለሁ። ግን ዙሪያውን ብናውቅም ብዙ ፋብሪካ የጫማውን ስፋት ስለማይጽፍ ከምን ጋር እናስተያየዋለን?

ጫማ ሰፊ ከአራዳ፦ እግሩ ዙሪያው ሰፊ ከሆነ ክር ያለው ጫማ ብቻ ሽጥለት። ክሩ ይላላል፤ ክር የሌለው ሽፍን ጫማ ግን በሳጥኑ ቁጥር ብቻ አይላክ።

እናት ከአዘዞ፦ ልጆቻችንንስ በየሦስት ወሩ እየከፈልን ልናስለካ ነው? በዚህ አልስማማም።

ባለሱቅ ከፒያሳ፦ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ይለካል። ቅዳሜ ገበያ ስለሚበዛ በሌላ ቀን አምጧቸው፤ ካልሲያቸውን አትርሱ።