ግቢ ውስጥ ለባጃጅ ማደሪያና ለዕቃ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

ጠያቂ (ባለ ባጃጁ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ባሕር ዳር ነው፣ ወደ ዘንዘልማ መውጫ። ግቢው 200 ካሬ ነው። ዋናው ቤት በፈቃድ የተሠራ ነው፣ ካርታም አለው። አሁን ጓሮ ላይ፣ አጥሩን አስጠግቼ፣ ለባጃጄ ማደሪያና ትንሽ ዕቃ ቤት መሥራት ፈልጌያለሁ። በድምሩ 3 በ5 ሜትር ይሆናል። ቋሚው ብረት፣ ግድግዳውና ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሲሚንቶ የሚነካው ወለሉን ብቻ ነው። በያጁ «ይቺን ቆርቆሮ ብሎ ማን ይጠይቅሃል?» ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «ደንብ ማስከበር መጥቶ ያፈርሰዋል» ትላለች። ክረምት ሳይገባ መጨረስ አለብኝ። ባጃጇ ዝናብ ላይ እያደረች ሸራዋም ወንበሯም አለቀ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ድራፍቲንግ የምሠራ፦
ወንድሜ፣ በያጁን አትስማው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃ ሲል ቋሚውንም ጊዜያዊውንም ግንባታ ነው። ለመኖሪያም ይሁን ለሌላ አገልግሎት። ስለዚህ «ቆርቆሮ ነው፣ ነገ ይነሳል» ማለት አያድንህም።

ደግሞም አትደንግጥ። አዋጁ ሕንፃዎችን ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ይከፍላል። በብረት ወይም በኮንክሪት ቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ሕንፃ ምድብ ሀ ውስጥ ነው። ያንተ በጣም ቀላሉ ነው ማለት ነው። ካርታህንና የድሮውን ፈቃድ ከነፕላኑ ይዘህ ወደ ግንባታ ፈቃድ ክፍል ሂድ። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት ጠይቅ። ቦታህ ለምን አገልግሎት እንደተመደበና መንገድ ይነካው እንደሆነ የምታውቀው እዚያ ነው። ከወሰን ስንት ሜትር መራቅ እንዳለብህም እዚያው በጽሑፍ ተቀበል። በቃል የተነገረህን ይዘህ ብረት እንዳትገዛ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እኔ የምለው ስለ ውሃው ነው፤ ፈቃዱን ወንድማችን በደንብ አስረድቶሃል። የእኛ ጎረቤት አጥር አስጠግቶ ሼድ ሠራ። ጣሪያውን ወደ እኛ አዘነበለው፣ አሸንዳ የለውም። የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከቆርቆሮው ተወርውሮ ቀጥታ የእኛ ግድግዳ ሥር ያርፋል። መሬቱ ዋልካ ስለሆነ አይሰርግም፣ ይተኛል። ከታች ያሉት ብሎኬቶች እስከ ሦስተኛው ረድፍ ረጥበዋል፣ ልስኑ እየተላጠ ነው። እናቴና ሰውዬው ሰላም መባባል ከተዉ ቆዩ። ከግድግዳው ይልቅ ይሄ ያሳዝነኛል።

እባክህ ጣሪያህን ወደ ራስህ ግቢ አዘንብለው። አሸንዳ አድርግና ወደ ሮቶ አስገባው። ለባጃጅ ማጠቢያ ይሆንሃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቁጥር 1225 ላይ ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ጭስና ሽታ ከልክ በላይ እንዳይለቅበት ይላል። ጠዋት ጠዋት ባጃጇን ስታሞቅ ጭሱ የማን መስኮት ላይ እንደሚሄድ አሁኑኑ አስብበት።

ጋሼ፣ ቀበሌ 14፦
ልጄ፣ ጉዳዩ ያንተ ብቻ አይደለም። ከተማችን በባጃጅ የሚሄድ ከተማ ነው። ማታ ማታ ያ ሁሉ ባጃጅ የሆነ ቦታ ማደር አለበት። ታዲያ ከ15 ካሬ የማትበልጥ ማደሪያ ከባለ ፎቅ ሕንፃ ጋር አንድ ወረፋ መያዟ ልክ አይደለም። ሰው ተሰላችቶ በሌሊት ያለ ፈቃድ የሚሠራውም ለዚህ ነው። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው ዋና ፕላን፣ ለ10 ዓመት የሚዘጋጅ ነው። ሲከለስ ነዋሪ ተጠርቶ አስተያየት ይሰጥበታል። ያኔ ቁጭ ብለን ማጨብጨብ ሳይሆን እንዲህ እንበል፦ ስፋቱና ቁመቱ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ፣ ከወሰን የራቀ፣ ሰው የማያድርበት ሼድ በአንድ ቅጽና በአንድ ንድፍ ይፈቀድ።

የፔዳ ሰፈር ነዋሪ፦
ጋሼ፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ግን «ሰው የማያድርበት» የሚለውን ማን ይቆጣጠራል? እኛ ሰፈር «ዕቃ ቤት» ተብሎ የተሠራው ሁሉ ለተማሪ ተከራይቷል። አየር የለው፣ መውጫው አንድ፣ ቆርቆሮው ቀን ሲግል ይውላል። እሳት ቢነሳ ልጆቹ በየት ይወጣሉ? ሐይቁ ዳር ደግሞ ጭራሽ መላላት የለበትም። ጣና በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ የመዘገበው ነው። ዛሬ ደንገሉን መንጥሮ ሼድ የሠራ ሰው ነገ ብሎኬት ይደረድርበታል።

ጋሼ፣ ቀበሌ 14፦
ልክ ነሽ ልጄ። ሐይቁ ዳር ያለውን አልደግፍም። መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ግን ቀላል መንገድ ካልተከፈተ ሁሉም ተደብቆ ነው የሚሠራው። ተደብቆ የተሠራውን ደግሞ ማንም አይቆጣጠረውም።

ጠያቂ (ባለ ባጃጁ)፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ካርታዬን ይዤ እሄዳለሁ። ጣሪያውንም ወደ ውስጥ አዘነብላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በጀሪካን ቤንዚን ባስቀምጥ ችግር አለው?

ድራፍቲንግ የምሠራ፦
አለው፣ በጣም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ክፍሉ ከታች በኩል ካልተናፈሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ቤንዚን አታከማች። ማደሪያውን ከማድቤቱ አርቀው፣ ግድግዳው ላይ ከታችም ከላይም መተንፈሻ ተው። ንድፉ ላይ ይሄንን ጨምረህ አሠራ።