"ዊምዚካል"ን በአማርኛ ምን ልበለው?

የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ "ዊምዚካል" (whimsical) የሚለው ቃል ላይ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። ሥዕሉ ላይ ቀንድ አውጣ በቅርፊቷ ፈንታ ማንቆርቆሪያ አዝላ ትሄዳለች፤ ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። ጽሑፉ ይህን ቤቷን "ዊምዚካል" ይለዋል።

"ምናባዊ" አልኩት፤ ደረቀ፣ ጨዋታው ጠፋ። "አስቂኝ" ስለው መሳለቂያ መሰለ። "ቅዠት" ጭራሽ ያስፈራል፣ ሕፃን ሌሊት የሚያባንነው ነው። "ቅብጥብጥ" ትንሽ ቀረበኝ፣ ግን ስለ ጠባይ እንጂ ስለ ሐሳብ አያወራም።

ቃሉ በእንግሊዝኛ እንደ ስሜቱ የሚለዋወጥ ሰውንም ይገልጻል፤ እኔ የምፈልገው ግን ያንን ሳይሆን ፈገግ የሚያሰኘውን የሐሳብ ፍንደቃ ነው። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ልጅ የሚገባው፣ ይህን ስሜት የሚይዝ የአማርኛ ቃል ወይም አጭር ሐረግ የትኛው ነው?