ወንድሜ ሳያይ ያዘዘው ውጅግራ ሰደፉ በጠፍር ታስሮ መጣ፣ ይላጥ ወይስ ይተው?

የአራዳ ልጅ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች፣ በውጭ ያላችሁም። ታላቅ ወንድሜ ዴንቨር ነው የሚኖረው፣ እዛ የድሮ የጦር መሣሪያ በኦንላይን ይሸጣል፣ ከኛ አገር ተሰብስቦ የሄደም አለበት። እሱም ከኢትዮጵያ የመጣ ሲባል ልቡ ተነካና ውጅግራ የሚባለውን የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ አዘዘ፣ ከሁሉም ረከስ ያለውን፣ ሳያየው ማለት ነው። ትናንት ሳጥኑን ሲከፍት በቪዲዮ ኮል አብረን ነበርን። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ተሰፍቶ ታስሯል፣ ብረቱ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቡኒ ሆኖ መዝጊያው ስር ቀይ ዝገት አለው፣ እንደ ሬንጅ የደረቀ ግራሶም አለበት። ብረቱ ላይ ሴንት ኤቲየን የሚል የፈረንሳይኛ ጽሁፍና 1874 ይነበባል። በቀኝ በኩል እንጨቱ ላይ መስቀል ተቀርጿል፣ ከስሩ በኛ ፊደል «ዘወልደ» ይላል፣ ከዛ በኋላ ያለው ተበልቷል።
ወንድሜ ተበላሁ ብሎ በጣም ተናዷል፣ ጠፍሩን በጥሶ እንጨቱን ልጦ ቫርኒሽ ሊቀባው ነው። እናቴ ደግሞ ፎቶውን አይታ ዝም አለች፣ አያቴ ያረፉ ጊዜ ለቅሶው ላይ የወጣው ጠመንጃቸው እንዲሁ በጠፍር የታሰረ ነበር። እውነት ተታሏል ወይ? ምን ያድርገው? ጽሁፉንስ የሚያነብልኝ አለ? በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ ቅዳሜ ሊጀምረው ነው።

አዘዞ ዴንቨር
ወንድምህ አልተታለለም። እኔም እዚሁ ዴንቨር ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። የሻጮቹ ማስታወቂያ ፎቶ ላይ የምታየው ናሙና ነው፣ አንተ ጋ የሚመጣው ግን እጃቸው የገባው ነው፣ ተሻለ ያለውን እንዲመርጡልህ ከፈለክ ሃንድ ፒክ ብለው ተጨማሪ ያስከፍሉሃል። ማስታወቂያው ስር ያለውን ጽሁፍ መልሶ ያንብበው፣ ሰደፍ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ዕቃ ሊጎድል ይችላል፣ የመዝጊያውና የአፈሙዙ ቁጥር ላይገጥም ይችላል ይላል። በዛ ዋጋ መልክ አይገዛም። ሊያጣራ የሚገባው መልኩን ሳይሆን መዝጊያው ይከፈት ይዘጋ እንደሆነ፣ ምላጩ መኖሩን፣ አፈሙዙ አለመጉበጡን ነው፣ እነዚህ ካሉ ጥሩ ነው የደረሰው።
1874 ሞዴሉ የወጣበት ዓመት ነው በፈረንጅ፣ የተሰራበት ዓመት አፈሙዙ ላይ ለብቻው ይመታል፣ ያንን ይፈልግ። እስከ 1898 የተሰራ ከሆነ እዚህ በፌዴራል ህግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ነው የሚታየው፣ የየስቴቱን ህግ ግን ለብቻው ይጠይቅ።

ማራኪ ሰፈር
እኔ ብሆን በብርጭቆ ወረቀት ድምጥማጡን አጥፍቼ ቫርኒሽ ሁለቴ አለብሰው ነበር፣ ሳሎን ለሚሰቀል ዕቃ ንጹህ ሲሆን ነው የሚያምረው። ብረቱንም ጥቁር ቀለም ይርጨው።

እንጨት ሰሪው
ማራኪ ሰፈር ይቅርታ አድርግልኝና ይሄን ምክር እንዳይሰማህ ነው የምለምነው። ሠላሳ ዓመት እንጨት ላይ ነው የኖርኩት። ብርጭቆ ወረቀት ቆሻሻውን ብቻ አይደለም የሚወስደው፣ የእንጨቱን ቆዳ ነው የሚገፈው። ፊደሉ የተቀረጸው በቢላ ጫፍ ከሆነ ጥልቀቱ የጥፍር ውፍረት አይሞላም፣ ሁለቴ ሦስቴ ስታሸው ዘወልደም መስቀሉም ይሄዳሉ፣ የሄደ ደግሞ አይመለስም። እንጨቱም ከብረቱ በታች ስለሚወርድ ብረቱ ዙሪያውን ጠርዝ ያወጣል፣ የተላጠ ሰደፍ ከሩቅ የሚታወቀው በሱ ነው።
ጠፍሩን ደግሞ ልብ በሉ፣ የሰራው ሰው ባለሙያ ነው። ጥሬ ቆዳ ተነክሮ እርጥቡን ይሰፋና ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ስንጥቁን አጥብቆ የያዘው ያ ነው፣ አልጋና ማረሻ የምናስርበት ጥበብ እኮ ነው። ሚስማር ቢመታበት እንጨቱ ይብሱን ይሰነጠቅ ነበር። ወንድምህ ቢበጥሰው ሰደፉ እጁ ላይ ለሁለት ይከፈላል።
እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ መዝጊያውን ከፍቶ ጥይት አለመጉረሱን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጥ፣ ከዛ በፊት ምንም አይነካም። ግራሶውን ላምባ በነካ ጨርቅ ቀስ እያለ ይጥረገው፣ ቤንዚን አይጠጋው። እንጨቱ ሲጸዳና በደንብ ሲደርቅ የተልባ ዘይት፣ እዛ ሃርድዌር ቤት ቦይልድ ሊንሲድ ብሎ ይጠይቅ፣ በጣት ጫፍ ስስ አድርጎ ቀብቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን ይጥረግ፣ በማግስቱ ይድገም። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ እንዳይጥለው! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ እሳት ይይዛል፣ ዘርግቶ ደጅ ያድርቀው ወይ ውሃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይክተተው።

አዘዞ ዴንቨር
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ብረቱን እኔ ልጨምር። ቀይ ሆኖ እጅ ላይ የሚለቀው ዝገት ነው ጠላት፣ ዘይት ነክሮ ባለ አራት ዜሮ ስስ የብረት ሱፍ ብቻ በቀስታ፣ ጠጠር ያለውን ነጥብ ደግሞ በመዳብ ሳንቲም ጠርዝ መፋቅ ይቻላል፣ ከ1982 በፊት የወጣች የአሜሪካ ፔኒ መዳብ ናት፣ ከብረቱ ስለምትለሰልስ አትጭረውም። ቡኒውና ጥቁሩ ግን ይተው፣ ያ ዕድሜው ነው። ቀለም የሚረጭ ሰው ፅሁፉንም ማህተሙንም ይቀብረዋል።
ለመተኮስ እንዳያስበው ብቻ አደራ። ውጅግራ ለጥቁር ባሩድ የተሰራ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ ካዝናም የለው አንድ በአንድ ነው የሚጎርሰው፣ የዛሬ ባሩድ ግፊቱ ሌላ ነው። የጥቁር ባሩድ ትራፊ ደግሞ እርጥበት ስቦ አፈሙዙን ከውስጥ ይበላዋል፣ በተለይ ሳይታጠብ የቆየውን። መልኩ ያማረም ቢሆን ጠመንጃ ሰሪ ሳያየው አይተኮስም፣ የተሰነጠቀ ሰደፍ ያለው ደግሞ ጭራሽ።

የቆሎ ተማሪ
ጽሁፉን በተመለከተ። «ዘ» በግዕዝ «የ» ማለት ነው፣ ብራና መጽሐፍ ላይ ባለቤቱ ሲጻፍ ዝንቱ መጽሐፍ ዘእገሌ ይባላል። ስለዚህ ዘወልደ የሚለው «የወልደ እገሌ ነው» ማለት ነው፣ ጠመንጃው የማን እንደሆነ እየነገረን ነው። የጻፈው የቤተክህነት ትምህርት ያለፈ እጅ ይመስለኛል፣ ያለዚያማ «የ» ብሎ ይጽፍ ነበር። የቀረው ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ገብርኤል፣ ወልደ ሚካኤል ሊሆን ይችላል፣ በግምት አልናገርም። የተበላ ብራና ስናነብ የምናደርገው አለ፣ ማታ መብራቱን አጥፍቶ የሞባይሉን ባትሪ ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር እኩል ዝቅ አድርጎ ያብራበት፣ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ከቀኝም ከግራም ከስርም ያንሳውና ላክልን።

ኮሌጅ ሰፈር
አድዋ ላይ የነበረ ይሆን እንዴ? እኔስ እዚህ ሆኜ እንዲህ ማዘዝ እችላለሁ?

የቆሎ ተማሪ
አድዋ ላይ በኛ አቆጣጠር በ1888 ከኛ ወገን ከነበረው መሣሪያ ውስጥ ብዙ ውጅግራ እንደነበር የታወቀ ነው፣ ግን ውጅግራ ከዛ በፊትም በኋላም ገብቷል፣ አርበኞችም ይዘውታል፣ ስለዚህ ይሄኛው አድዋ ዘምቷል ማለት አይቻልም። ለማዘዙ ደግሞ እዚህ አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም ማስገባትም ወንጀል ነው፣ አታስበው።

የአራዳ ልጅ (ጠያቂ)
እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ሌሊቱን ደውዬ ሁሉንም አነበብኩለት፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ነበር። መብራቱን አጥፍቶ በሞባይል ባትሪ አነሳው፣ ከዘወልደ ቀጥሎ ጥርት ያለች «ጊ» ወጣች፣ መሃሉ የለም፣ መጨረሻው ላይ «ስ» አለ። እናቴ ጊዮርጊስ ነው ብላ እልል አለች። አፈሙዙ ላይ ደግሞ 1877 ተገኘ። አሁን ተበላሁ የሚለውን ትቶ ማን እንደነበሩ ነው የሚጠይቀኝ። አንድ ነገር ብቻ ጋሼ፣ ጠፍሩ ጫፉ ላይ ትንሽ ተነስቷል፣ ውሃ ነክሮ ቢያጠብቀውስ?

እንጨት ሰሪው
የለም የለም፣ ውሃ እንዳያስነካው። ሲርስ ይለሰልስና መስፊያው ይላላል፣ ያረጀ ቆዳ ደግሞ እንደ ድሮው ተመልሶ አይጠብቅም። ዘይትም አይቀባው፣ ሲጸዳ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ። የተነሳችውን ጫፍ በነጭ ጥጥ ክር ሁለት ዙር ይሰራት፣ በኋላ ሲፈለግ የሚፈታ ክር ይሁን። ሲሰቅለው ምድጃና ሂተር አጠገብ አይሁን፣ በማንገቻውም አያንጠልጥለው፣ ከስር ሁለት ቦታ ይደገፍ፣ ክብደቱ አንገቱ ላይ እንዳያርፍ።