በ1460 ዓ.ም. ንጉሡ ሲያርፉ ማን አዘነ?

የታሪክ መምህር፦ ሰሌዳ ላይ የአንድ ዓመት ሞቶች እየጻፍሁ ነበር፤ 1460 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1468። ጥር ላይ የአልባኒያው ስካንደርቤግ፣ የካቲት ላይ የማይንዙ አታሚ ጉተንበርግ፣ በመጨረሻም ከ34 ዓመት ንግሥና በኋላ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ሕዝቡ አዘነ ወይስ ተገላገለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ ምን ያጠያይቃል? የአዳሉን ሱልጣን በድላይን በ1438 ዓ.ም. ድል የነሡ፣ በቅዳሜ ሰንበት አከባበር ክርክር የተነሣ ልትሰነጠቅ የደረሰችውን ቤተ ክርስቲያን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ያስታረቁ፣ ራሳቸው ብርዕ ይዘው መጽሐፈ ብርሃንን የደረሱ ንጉሥ ናቸው። ከተማዬንም የቆረቆሩ እርሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ንጉሥ ሲያርፍ አገር ያዝናል።

ጥያቄ አብዢ፦ ወንድሜ፣ ከተማህ ስሟን ያገኘችበትን ብርሃን ታሪክ እስከ መጨረሻው ንገረን እንጂ። ብርሃኑ የወረደው ደቂቀ እስጢፋኖስ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ ነው ተብሎ የተጻፈው በንጉሡ ወገኖች ነው። ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ባሉ መነኮሳት ላይ የደረሰው ይህ ነው። በየአውራጃው የሾሟቸውን ሴቶች ልጆቻቸውንስ መልሰው አላስገረፉም?

ዲያቆን፦ በዛሬ ዓይን አትፍረዱ። በዚያ ዘመን የእምነት መለያየት የመንግሥት መፍረስ ነበር። በዚያው ዓመት የምዕራብ አፍሪካው የሶንጋይ ንጉሥ ሱኒ ዓሊ ቲምቡክቱን ሲይዝ በሊቃውንቱ ላይ ያደረሰውንም አስቡ።

ጥያቄ አብዢ፦ የሌላ ጭካኔ የእኛን አያጥበውም፣ አባቴ። በዛሬ ዓይን ካልሆነ ደግሞ በልጃቸው በበዕደ ማርያም ዓይን እንፍረድ። እናቱ ጽዮን ሞገሳ ልጇን ልታነግሥ አሢራለች ተብላ ተገርፋ በዚያው ሞተች፤ እርሱም አብሮ ታሰረ። ልጅ ለእናቱ መታሰቢያ ጧፍና ዕጣን በስውር ይልክ ነበር! እርሱ ሲነግሥ እስረኞችን ፈታ፣ የአባቱን የአስተዳደር ሥርዓት ሽሮ ነባሩን መለሰ። እፎይታ ካልነበረ ይህን ሁሉ ለምን አደረገ?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ የእናቱ ነገር ያሳዝናል፤ አልክድም። ግን ነባሩ ሥርዓት ሲመለስ የተገላገለው ማን ነው? ገበሬው ወይስ መኳንንቱ? በዕደ ማርያም አሥር ዓመት ገዝቶ ሲያርፍ ዙፋኑ ለሕፃኑ እስክንድር ደረሰ፤ ያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ የመኳንንቱ መጫወቻ እንደሆነ ታውቃለህ።

ዲያቆን፦ እዚህ ላይ እውነት አለህ። ስለ ገበሬው ግን ሦስታችንም በግምት ነው የምንናገረው፤ ዜና መዋዕሉን የጻፈው የቤተ መንግሥት ሰው ነው።

የታሪክ መምህር፦ ነገ ሰሌዳው ላይ የጽዮን ሞገሳንም ስም እጨምራለሁ። የሞተችው ከ1460 ቀደም ብሎ ነው፤ ተማሪዋ ይህንንም እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ ይጻፉ፣ መምህር። ከጎኑ ግን ደብረ ምጥማቅን አይርሱብኝ።